ሞተሩ ደርሶናል

ጥቅምት 3 ቀን

እኅትም እናትም ለሆንሽኝ ለእታለም፤

መንገዱ ረጅም ነውና ሰላምታዬ ቀዝቅዞ እንዳይደርስሽ እሰጋለሁ። የአንቺን ጤና፣ የልጅሽን የአዝራርን ጤና፣ የቤቱን ደህንነት እጠይቃለሁ። እኔ በብርዱና በሥራው መካከል ደህና ነኝ። የታመመ ነገር ቢኖረኝ ዓይኔ ነው፤ እሱም የፖስታ ሣጥኑን በማየት ብዛት።

ግንቦት ላይ የላክሁት ዕቃ ደረሰ ወይስ መንገድ በላው? አምስት ወር ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፍሽልኝም። አንቺ ደግሞ ዝምታ የማይታወቅብሽ ሰው ነሽ፤ ድመት በጨርቅሽ ላይ ብትተኛ እንኳ ሦስት ገጽ ትጽፊልኝ ነበር። ቅር ያሰኘሁሽ ነገር ካለ በግልጽ ንገሪኝ፤ ከዚህ ሆኜ ፊትሽን ማየት አልችልም።

ሞተሩን ሱቅ ገብቼ ያነሣሁት እንዳይመስልሽ። ሰው የጣለውን ማሽን ፈትቼ፣ ውስጡን አጽድቼ፣ ሽቦውን በገዛ እጄ አስሬ፣ ሦስት እሑድ የፈጀሁበት ነው። ልጅሽ ናት ያስላከችኝ። «አጎቴ፣ ሃያ የተማሪ ቀሚስ ታዘናል፣ እማዬ ትቆርጣለች እኔ እረግጣለሁ፣ እግሬ ግን ዛለ» ብላ የጻፈችልኝን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌው ነበር። የእናታችን ማሽን እሱን ከጎኑ ካሰረ በስተርጅና እንደ ጎረምሳ ይሮጣል። ታዲያ ሮጠ ወይ?

የምሠራበትን ቤት ታውቂዋለሽ። ምድር ቤቱ መጠገኛ ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ አራት አምፖል፣ ከልብስ የማይለቅ የማሽን ዘይት ሽታ። ፎቁ ላይ አሠሪዬ ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸው አሮጌ ማሽኖች ተደርድረዋል። አንዳንዴ ወጥቼ ከእናታችን ማሽን ጋር የሚመሳሰለውን እነካለሁ። ያው ጥቁር፣ ያው የደበዘዘ የወርቅ ቀለም።

አዝራርን ሳሚልኝ። በሦስት ዓመቷ የሸሚዜን አዝራር ውጣ አንቺና እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ፖፖ ስንጠብቅ የወጣላት ስም ለአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ይመጥን አይመጥን እንጃ። ካልወደደችው ራሷ ትጻፍልኝ።

ታናሽሽ

*

ታኅሣሥ 21 ቀን

ለወንድሜ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ያለህበት አገር ብርዱ ይራራልህ፤ እጅህ ከብረት ጋር ሲውል ብረቱ ይታዘዝልህ። እኛን አታስብ።

ሞተሩ ደርሶናል። ሰኔ ሳያልቅ ነው የደረሰው። ቶሎ ያልጻፍኩልህ እጄ ከብዶኝ ነው፤ ቅር አላሰኘኸኝም። እንዳልከው ከማሽኑ ጎን ታሰረ፣ ሠራም። ግን ለቤታችን ፈጠነብን። ፈትተን አስቀምጠነዋል፤ አትቀየመን።

አዝራር አርፋለች። ሃያው ቀሚስም አለቀ፤ የመጨረሻዎቹን ስምንቱን እኔ ጨረስኳቸው።

አሁን ይህን ስጽፍልህ ከወዲያኛው ክፍል የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል። የእግሩ ቺንጋ፣ መንኮራኩሩን የሚያዞረው ቆዳ፣ የላላ ይመስለኛል፤ ያለ ጊዜው ይንጫጫል። ጥሩ የቆዳ ቺንጋ ብታገኝ ላክልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ደግሞ እስቲ ፎቅ ላይ ስላሉት ማሽኖች ንገረኝ። ሞተር ሳይመጣ በፊት ስለነበሩት። ቀን ቀን አነባለሁ፤ የማነበው ነገር አጥሮኛል።

እኅትህ

*

ጥር 30 ቀን

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እንደ ልጅ ሳምኩት፤ አሠሪዬ ደግሞ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አይቶኝ «ከሴት ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ከምትቆጣኝ ሴት» አልኩት። ጤናና ዕድሜ ይብዛልሽ።

ቺንጋው በዚህ ሣጥን ውስጥ አለ። ሁለት አድርጌዋለሁ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ። ስትቀጥሉት በጣም አታጥብቁት፤ የተጨነቀ ቺንጋ ያለቅሳል።

ሞተሩን ስለ መፍታታችሁ ግን ሳቅሁብሽ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ከመቶ ዘጠና ዓመት በፊት ገደማ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። አብዛኛው ክፍሉ እንጨት የሆነ የስፌት ማሽን ፈለሰፈና ሰማንያውን አንድ ቤት ውስጥ ደርድሮ የወታደር ልብስ ያሰፋበት ጀመር። የከተማው ልብስ ሰፊዎች «ይኼ ሰውዬ ጉሮሯችንን ሊዘጋው ነው» ብለው ተሰብስበው ገቡና ማሽኖቹን አንድ ሳያስቀሩ ሰባበሯቸው። ሰውየውም ነፍሱን ይዞ አመለጠ። ሞኞች! ማሽን ቢሰበር ሐሳቡ አይሰበር። አንቺም ሞተሬን ፈታሽው ስትይኝ እነሱን ነው ያስታወስሽኝ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች ያስጨነቃቸው መርፌዋ ነበረች። የእጅ መርፌ ቀዳዳዋ በጭራዋ ነው፤ የማሽን መርፌ ግን በጫፏ ካልሆነ ክሩን ይዛ መውረድ አትችልም። አንዱ ፈልሳፊ ይህ ጠፍቶት ሲብሰለሰል በሕልሙ ጦር የያዙ ሰዎች ከበቡት፤ የጦሮቹ ጫፍ ሁሉ የተበሳ ነበር። ሲነቃ መርፌዋን አገኛት ይባላል። ተረት ይሁን እውነት አላውቅም፤ ሽማግሌው ግን እዚያው እንደነበረ ሰው ነው የሚያወራው። ከታች ያለችው ሁለተኛ ክርም እንዲሁ ብዙ ሰው አልፍታለች። የላይኛውና የታችኛው ክር የሚቆላለፉት ጨርቁ ሆድ ውስጥ ነው፤ ላዩን ብቻ የሚያይ ሰው ታች ሌላ ክር መኖሩን አያውቅም።

አዝራር ለምን አልጻፈችልኝም? ለስድስት ቃል ጊዜ አጣች?

ታናሽሽ

*

ሚያዝያ 17 ቀን

ለወንድሜ፤

የላክኸው ሁሉ በሰላም ገባ። አንተንም እንዲሁ በሰላም የሚያስገባ ቀን ይምጣ።

ቺንጋውን ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን ቀጠለልኝ። ያን ሰው አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው ከጎናችን ያለውን ክፍል የያዘው። ቆዳ የሚበሳ ትልቅ ማሽን አለው፤ ሲሰፋ ግድግዳችን ይርዳል። ሰውዬው ግን ድምፁ አይሰማም፤ እንደ ጥላ ገብቶ እንደ ጥላ ይወጣል። ቺንጋው ደህና ነው አለኝ። የድሮውም ደህና ነበር አለኝ።

ድምፁ ግን አልተወም። እስቲ አንተ ባለሙያ ነህና ልጠይቅህ፤ ማሽን ሰው ሳይረግጠው ይሄዳል ወይ? አንዲት ጎረቤት ጠይቃኝ ነው።

መርገጫው ጉልበቴን እያመመኝ ስለሆነ፣ ያንን በእጅ የሚዞረውን መዘውር አግኝተህ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። በማሽኑ ቀኝ የሚገባውን፣ እናታችን ሳሎን ተቀምጣ በአንድ እጇ እያዞረች በሌላው ጨርቅ ትገፋ የነበረችበትን ዓይነት። መርገጫውን ፈትቼ ላወጣው አስቤያለሁ።

የነዚያን ማሽን ሰባሪዎች ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። አንተ ሞኞች ብለሃቸዋል። እኔ አላልኳቸውም።

አዝራር መጻፍ ትታለች። አትጫናት።

እኅትህ

*

ሰኔ 2 ቀን

ለእታለም፣ ለጉልበትሽ ምሕረት እየለመንኩ፤

እኛ ቤት ሰው ሁሉ ወደ ፊት ሲሄድ አንቺ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ። ሞተር ላክሁ፣ ወደ እግር ተመለስሽ። ቺንጋ ላክሁ፣ ወደ እጅ ተመለስሽ። ቀጥሎ እሾህና ጅማት ልትጠይቂኝ ነው። ቢሆንም መዘውሩን ከፎቁ አሮጌዎች መካከል ከአንዱ ፈትቼልሻለሁ፤ ሽማግሌው «ለእኅትህ ከሆነ ውሰድ» ብሎ አሳለፈኝ።

ለጎረቤትሽ እንዲህ በያት። መሬቱ ዘንበል ያለ ከሆነ ወይም ከባድ መኪና በደጅ ካለፈ መንኮራኩሩ ግማሽ ዙር ሊዞር ይችላል። ከዚያ ይቆማል። መስፋት ግን አይሰፋም። መርፌ ክር ይዞ እንዲወርድ የሚገፋው ሰው ያስፈልጋል። የሰማችው ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ምድር ቤታችን አዳዲስ ማሽኖች ገብተዋል። ጠርዝ እየቆረጠ በአራት ክር የሚይዘው ኦቨርሎክ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ ሲከፍት የሚውለው፣ ዚግዛጉ፣ እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ። አሁን የመጣው ግን ባለ አሥራ ሁለት መርፌ የጥልፍ ማሽን ነው፤ በኮምፒውተር ሥዕሉን ትሰጪዋለሽ፣ ቀለሙን እየለዋወጠ ብቻውን ይጠልፋል፤ ክር ከተበጠሰበት ቆሞ ይጠራሻል። ሽማግሌው ይህን የሚማር ልጅ ይፈልጋል። ስለ አዝራር ነገርኩት። ያን በስምንት ዓመቷ በተረፈ ጨርቅ የሰፋችልኝን የመነጽር ከረጢት አሳየሁት፤ ገልብጦ ውስጡን አየና «ይቺ እጅ ትምጣ» አለ።

ሁለት ዓመት ትማራለች፣ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች፣ ካልወደደችው ትመለሳለች። ወረቀቱን ጀምሬያለሁ። ፎቶዋን ላኪልኝ። ደግሞ ለዚህ ብርድ ካፖርት እሰፋላታለሁና ልኳን በደንብ ለክተሽ ጻፊልኝ። ይህን ለእሷ ስታነቢላት ፊቷ ምን እንደሚመስል እኔ ሳላይ ሊቀር ነው። አንቺ አይተሽ ጻፊልኝ።

ታናሽሽ

*

መስከረም 19 ቀን

ለወንድሜ፤

አዲሱ ዓመት ደግ ደጉን ያሰማህ።

መዘግየቴን አውቃለሁ። ደብዳቤህን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደረሰ። ክፉ ሐሳብ አላሰብክም። የእናትህ ልጅ ነህ።

ልኳ ይኸውልህ፤ በልብሷ ላይ የለካሁት ነው። ትከሻ ሠላሳ ስምንት። ደረት ሰባ ዘጠኝ። ወገብ ስልሳ ሁለት። እጅጌ ሃምሳ አራት። ከትከሻ እስከ ጉልበት ዘጠና አንድ። ፎቶ አንሺው ቤቱን ዘግቷል፤ ሲከፍት እናያለን። ወረቀቱን ግን አትቸኩልበት። እባክህ ወንድሜ፣ አትቸኩልበት።

መዘውሩ መጥቷል። ገጠምኩት። መርገጫውንም ቺንጋውንም አውጥቼ ጓሮ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ በኋላም ከዚያ ክፍል የሚሰማው የመርገጫው ድምፅ ነው። ስለዚህ መርገጫውን ከነቺንጋው መልሼ ገጠምኩት፤ ቦታው ባዶ ሆኖ መስማቱ ይብሳል።

የእጅ መርፌ ላክልኝ። ቀጫጭኑን፣ ቁጥር ዘጠኝና አሥር። ጣት ላይ የሚጠለቀውንም ቆብ። ከእንግዲህ በእጄ ልሰፋ ነው። መርፌ ድምፅ የለውም።

እኅትህ

*

ኅዳር 8 ቀን

እታለም፤

የማሽን ጠጋኝ ከመሆኔ በፊት ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ያስተማርሽኝም አንቺ ነሽ። «ሰው ይዋሻል፣ ሜትር አይዋሽም» ትይ ነበር።

ለካፖርቱ ጨርቅ ልቆርጥ ደብተሬን ከፈትኩ። ሞተሩን ከመላኬ በፊት፣ መጋቢት ላይ፣ ሰማያዊውን ቀሚስ የሰፋሁላትን ልክ አገኘሁ። ትከሻ ሠላሳ ስምንት። ደረት ሰባ ዘጠኝ። እጅጌ ሃምሳ አራት። ከትከሻ እስከ ጉልበት ዘጠና አንድ። ዓመት ከስምንት ወር አልፎታል። የዚያ ዕድሜ ልጅ በዚህ ጊዜ አንዲት ጣት ሳታድግ አትቀርም። የለካሽው እሷን አይደለም። ቀሚሴን ነው።

ከዚያ የድሮ ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ አነበብኩ። «አዝራር አርፋለች» ብለሽኛል። እኔ ዕረፍት ላይ ናት ብዬ አንብቤው ነበር።

ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተዘረጋ ነው። መቀሱን አስቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። የምትመልሽልኝን አውቃለሁ፤ ግን ካንቺ ልስማው። አዝራር የት ናት?

*

ኅዳር 30 ቀን

ወንድሜ፤

ቁጭ በል። ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ቁጭ በል፤ አጠገብህ ሰው ካለ ይኑር። በወረቀት የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ሰው ልልክብህ ሰው አጣሁ፤ ራሴ ልመጣ መንገዱን አጣሁ። እንዲህ እያልኩ ቀኑን ገፋሁት።

አዝራር ሞታለች። ሞተሩ በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ 11 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ወለሉን አጥባ ነበር። ታውቃታለህ፣ ክር ወድቆ ካየች አትቀመጥም። እግሯ እንደ ራሰ፣ ያለ ጫማ፣ ተቀመጠች። አሥራ ሦስተኛውን ቀሚስ እየሰፋች ነበር። እኔ በወዲያኛው ክፍል ሌላውን እቆርጣለሁ። ሞተሩ ሲሮጥ ይሰማኛል፤ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽህም። አንድ ስፌት ያልቃል፣ ይቆማል፣ ሌላው ይጀምራል። ከዚያ አንዱ አልቆም አለ። ጨርቅ የያዘ ማሽንና ጨርቅ የጨረሰ ማሽን ድምፃቸው አንድ እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ። ማሽኑ ጨርቅ ሳይኖረው ይሰፋ ነበር። «አዝራር፣ እግርሽን አንሺ» አልኳት ከተቀመጥኩበት። ሁለት ጊዜ። እሱ ነው የማይለቀኝ፤ ከተቀመጥኩበት ሁለት ጊዜ መጥራቴ።

ጫማ ሰፊው ነው በእንጨት ሽቦውን መትቶ የነቀለው። እኔን በሌላ እጁ ይዞ፣ እንዳልነካት። እጇ ብረቱ ላይ ነበር። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልነበረም፤ ቅንድቧን ሰብስባ፣ ክር መርፌ ውስጥ እንደምታስገባ ሰው።

ሰፈሩን ሁሉ ለወንድሜ እንዳትጽፉ ብዬ አስማልኩ።

ደብዳቤ በጻፍኩልህ ቁጥር ድምፁ ይሰማኛል ያልኩህ ግን ውሸት አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል። የሞተሩ ቢሆን አብጄአለሁ ብዬ እተወው ነበር። የሞተሩ አይደለም፤ የእግሩ ነው። ቀስ ያለው፣ ሞተሩ ሳይመጣ በፊት የምትሰፋው። ጥግ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ ጨርቁን ታዞራለች፣ ትቀጥላለች። ጎረቤት ጠየቀችኝ ያልኩህ እኔ ራሴ ነኝ። ቺንጋው ነው ብዬ ቺንጋ ጠየቅሁህ። መርገጫው ነው ብዬ መዘውር ጠየቅሁህ። የምችለውን ሁሉ አደረግሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አንተ እንዳትጎዳ ብዬ የደበቅሁ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤትም ደግ እኅት ብሎ አመሰገነኝ። ሐሰት ነው። ከሞተሩ ጋር ሣጥኑ ውስጥ የጻፍከው ወረቀት ነበር። «ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ሳይኖር እንዳትሰኩት፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ፤ እግር እርጥብ ሆኖ ማንም አይንካው» ይላል። አንብቤዋለሁ። ቀሚሶቹ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር፣ ሠራተኛ እስኪመጣ መጠበቅ ሰነፍኩ፣ በገዛ እጄ ሰካሁት። የፈራሁት ያንን ወረቀት እንድታነሣብኝ ነው። አንተ በደንብ አስጠንቅቀኸኝ ነበር። በራስህ እንዳትፈርድ። የኔ ነው።

እኅትህ

*

ታኅሣሥ 29 ቀን

እታለሜ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። የመጀመሪያውን ሳምንት አላስታውሰውም። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት መጥቶ በሬን ይቆረቁራል፣ ከፍቼ ካየኝ በኋላ ይሄዳል። ሥራ ገብቻለሁ፤ ሞተር ሲመጣ ግን ለባልደረባዬ አሳልፋለሁ።

ለልጅቷ አልቅሼላታለሁ፤ ገና አልጨረስኩም። ስለ እሷ ስመጣ አብረን እናወራለን። አሁን የምጽፍልሽ ስለ ወረቀቱ ነው።

እታለም፣ ወረቀት አልነበረም።

ሣጥኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዕቃውን የሚወስድልኝ ሰው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ እኔ ሚስማር እመታለሁ። ሞተሩን በጋዜጣ ጠቀለልኩት፣ ጎኑን በቁራጭ ጨርቅ ሞላሁት፣ ክዳኑን መታሁት። ሰውዬው ከሄደ በኋላ «ማስጠንቀቂያውን ሳልጽፍ» ብዬ አሰብኩ። በሚቀጥለው ደብዳቤ እጽፈዋለሁ አልኩ። ወደ መሬት የሚወርደውን ሦስተኛውን ሽቦም አላሰርኩለትም፤ የድሮው ሞተር ሁለት ሽቦ ብቻ ነበረው፣ እኔም እንዳገኘሁት ተውኩት። ዓመት ከመንፈቅ «ሮጠ ወይ» ብዬ ጠየቅሁሽ እንጂ ያንን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ወረቀቱ ላይ አለ ያልሽውን ቃል በቃል አነበብኩት። አንድም ነገር አልጎደለውም። መጻፍ የነበረብኝ ልክ ያንን ነበር።

ልታድኚኝ ብለሽ ፈጥረሽው ከሆነ፣ እባክሽ ተይ፤ የኔን ድርሻ አትውሰጂብኝ። የካቲት 20 ቀን እመጣለሁ። ቲኬቱ በእጄ ነው።

ወንድምሽ

*

ጥር 22 ቀን

ወንድሜ፤

ፈጥሬው አይደለም።

ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ጋዜጣው አለ። ቁራጭ ጨርቆቹ አሉ። እያንዳንዱን ጋዜጣ ዘርግቼ፣ እያንዳንዱን ጨርቅ አራግፌ አየሁ። ጫማ ሰፊውን ጠርቼ ጠየቅሁት፤ ሣጥኑን የከፈተልኝ እሱ ነበር። «እመቤት፣ ወረቀት አላየሁም። ያን ጊዜም እርስዎ ስለ ወረቀት አላነሡም። ስለ ወረቀት መናገር የጀመሩት ከቀብር በኋላ ነው» አለኝ።

እኔ ግን አይቼዋለሁ። ከደብተር የተቀደደ፣ አንዱ ጠርዝ ዘይት የነካው። የእጅ ጽሑፍህን አልስትም፤ «መ»ን እንደምታጎብጣት፣ መስመርህ ወደ መጨረሻው ወደ ላይ እንደሚወጣ። ሁልጊዜ ከመተኛቴ በፊት አነበዋለሁ፤ ሳላነብበው የዋልኩበት ቀን የለም። አሁን የት እንዳስቀመጥኩት ስፈልግ፣ አስቀምጬው የማውቅበት ቦታ የለም። ማን ጻፈው እንግዲህ?

ቀለለኝ ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር። አልቀለለኝም፤ ያም ሆኖ ሸክሙ ካንተ ጋር የጋራ ሆነ። ብቻዬን ስሸከመው ከባድ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ብቻዬን ስሸከመው ልቀቂው የሚለኝ ሰው ስላልነበረ ቀላል ነበር።

አንድ ነገር ላውጋህና ይብቃኝ። ሐምሌ ካለፈ ወዲህ በዘጠኝ ሰዓት ወደዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ከወዲህ በኩል ሆኜ አዳምጣለሁ እንጂ በሩን አልከፍትም። ደብዳቤህ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። ድምፁ በሩን ስከፍት ቆመ፤ ሰው ሲገባባት ቀና እንደምትለው። ክፍሉ ባዶ ነው። ፀሐዩ ወለሉ ላይ ነው። አሥራ ሦስተኛው ቀሚስ ከመርፌው አልፎ፣ ክሩ ሳይበጠስ፣ እንዳለ ነው፤ ሌላ ጨርቅ ቆርጬ በጎረቤት ማሽን ሃያውን የሞላሁት ያንን ማንሣት ስላልቻልኩ ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን መርገጫው ላይ አሳረፍኩ።

ብረቱ ሞቆ ነበር። ፀሐይ አይደርስበትም፤ እጄን ልኬ አይቻለሁ። ሰው አሁን እግሩን እንዳነሣለት ሞቆ ነበር።

አልፈራሁም። እስኪበርድ ድረስ ተቀመጥኩ። ከዚያ ስፌቱን ከቆመችበት ቀጠልኩ፤ በመዘውሩ አይደለም፣ በእግሬ። ጥግ ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ ጨርቁን አዞርኩ፣ ቀጠልኩ። አንዱን ጎን ጨረስኩ። ሌላውን ጎን ላንተ ትቼዋለሁ።

ባዶ እጅህን ና። ምንም ነገር እንዳትይዝ። ጫማ ሰፊው ከአውቶቡስ መውረጃው ይቀበልሃል፤ ዝም ቢልህ እንዳይከፋህ፣ ተፈጥሮው ነው። የምትደርስበትን ቀን እንጂ ሰዓቱን አልጻፍክልኝም። ከዘጠኝ በፊት ከሆነ ጥሩ ነው።

እኅትህ